ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን፤ ጨረሩን ያልሸጠው ሊቅ

የዚህ መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ ለዘንድሮው እትም ከሙያችን ቀደምት ሊቃውንት የአንዱን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ባዘዘኝ ጊዜ፣ ምርጫው ለእኔ የተተወ ቢሆንም ብዙ ማመንታት አላስፈለገኝም። በየማለዳው ወደ ራጅ ክፍል የምንገባ ሁሉ የዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገንን ሥራ ይዘን እንውላለን። ራጅ የሚለው ቃላችን እንኳ ከጣልያንኛ የተወሰደና ትርጉሙም ጨረሮች ማለት ሲሆን፣ የምንጠራው ይህ ሰው ያገኛቸውን ጨረሮች ነው። የሰውየው ሕይወት ግን በትምህርት ቤት ከተማርነው አንድ ቀንና አንድ ዓመት በቀር በመካከላችን ብዙ አይነገርም።

በዚህ ሕይወት ውስጥ ይልቁንም በጥሞና ሊታይ የሚገባው አንድ ውሳኔ አለ። ይኸውም ሮንትገን ግኝቱን በፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ማለት በፓተንት፣ አስከብሮ ሊበለጽግበት ሲችል አለማድረጉ ነው። ዛሬ አንድ ሆስፒታል የምስል መመርመሪያ መሣሪያ ለመግዛት ሲነሣ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር የባለቤትነት መብቱ፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራሙ ፈቃድና የጥገናው ውል ተደራርበው ይቀርቡለታል። ስለዚህም የሮንትገን ውሳኔ ምን እንዳስገኘ፣ ምንስ ሊያስገኝ እንዳልቻለ መመርመር ከዕለት ሥራችን የራቀ ጉዳይ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ተለይተው ካልተገለጹ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

ልደቱና ትምህርቱ

ሮንትገን ማርች 27 ቀን 1845 በጀርመን አገር፣ በራይን አውራጃ፣ ሌኔፕ በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጨርቅ የሚያሠራና የሚሸጥ ነጋዴ ሲሆን፣ የእናቱ ዘመዶች በአምስተርዳም የሚኖሩ ነበሩ። ለወላጆቹ አንድያ ልጅ ነው። ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ሆላንድ ተሻግሮ በአፐልዶርን ስለ ተቀመጠ፣ ሮንትገን ያደገው በሆላንድ ቋንቋና ልማድ ነው። በትምህርቱ ከእኩዮቹ ተለይቶ የታየ ልጅ አልነበረም። በመስክና በጫካ መዞርን፣ በእጁም ልዩ ልዩ መሣሪያ መሥራትን ግን እጅግ ይወድ ነበር። ይህ የእጅ ብልሃት እስከ እርጅናው ድረስ ያልተለየው ጓደኛው ሆኖ ኖሯል።

በ1862 በዩትሬክት ከተማ ወደሚገኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም አንድ ተማሪ የአንዱን መምህር መልክ ለፌዝ አጣሞ ሣለ። ሥዕሉ የሮንትገን እጅ አልነበረም፤ ተጠያቂ የሆነው ግን እርሱ ነበርና ከትምህርት ቤቱ ተባረረ። በዚህም ምክንያት የሁለተኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት ሳይዝ ቀረ፤ ወረቀቱን ያልያዘ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ ለመሆን አይችልም ነበር። በ1865 በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት አዳማጭ ብቻ ሆኖ ጥቂት ቆየ። ከዚያም በስዊስ አገር በዙሪክ የሚገኘው ፖሊቴክኒክ የምስክር ወረቀት የሌላቸውን አመልካቾች በችሎታቸው መዝኖ እንደሚቀበል በመስማቱ ወደዚያው አመራ። መካኒካል ምህንድስና አጥንቶ በ1868 ዲፕሎማውን፣ በ1869 ደግሞ ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕርጉን አገኘ።

በዙሪክ ሳለ ሁለት ሰዎች ሕይወቱን ለወጡት። አንደኛው የፊዚክስ ሊቁ አውጉስት ኩንት ሲሆን፣ ከምህንድስና ወደ ፊዚክስ የሳበው እርሱ ነው። ሁለተኛዋ የአንድ ቡና ቤት ባለቤት ልጅ የነበረችው አና ቤርታ ሉድቪግ ናት። በ1872 ተጋቡ። ልጅ ስላልወለዱም የቤርታን ወንድም ልጅ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እንደ ልጃቸው አሳደጉ።

ኩንት በ1870 ወደ ቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ሮንትገን ረዳቱ ሆኖ ተከተለው። በዚያም የማስተማር ፈቃድ ቢጠይቅ ያ የጎደለው የምስክር ወረቀት እንደገና ፊቱ ቆመና ጥያቄው ውድቅ ሆነ። በ1872 ከኩንት ጋር ወደ ሽትራስቡርግ ሄደ፤ የማስተማር ፈቃዱንም በዚያ አገኘ። ከዚያ ወዲህ በሆሄንሃይም የእርሻ አካዳሚ፣ እንደገና በሽትራስቡርግ፣ ከ1879 ጀምሮም በጊሰን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1888 ያው የቀድሞው የቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰርና የተቋሙ ኃላፊ አድርጎ ጠራው። በ1894 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሆነ። የማስተማር ፈቃድ በከለከለው ቤት አለቃ ሆኖ የተሾመው ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

በእነዚህ ዓመታት ስለ ጋዞች ሙቀት፣ ስለ ክሪስታሎችና ስለ ኤሌክትሪክ ያደረጋቸው ምርምሮች በጥንቃቄያቸው የተመሰገኑ ነበሩ። ዕድሜው ሃምሳ ሲሆን በሙያ ጓደኞቹ ዘንድ የተከበረ፣ ከእነርሱ ውጭ ግን የማይታወቅ ሰው ነበር።

የጥቅምት ምሽት

ኖቬምበር 8 ቀን 1895፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሮንትገን በዚያ ሰሞን ክሩክስ፣ ሂቶርፍና ሌናርድ የተባሉ ሊቃውንት ቀደም ብለው የመረመሩትን የካቶድ ጨረር ያጠና ነበር። አየሩ የወጣለትን የመስተዋት ቱቦ በጥቁር ካርቶን ሸፍኖ፣ ክፍሉንም አጨልሞ የኤሌክትሪክ ኃይል ለቀቀበት። ከቱቦው ራቅ ብሎ ባሪየም ፕላቲኖሳያናይድ የተቀባ መጋረጃ ነበረ፤ ያ መጋረጃ ማብራት ጀመረ። የካቶድ ጨረር በአየር ውስጥ ከጥቂት ሴንቲሜትር በላይ እንደማይሄድ የታወቀ ነው። ከካርቶኑ አልፎ እስከ መጋረጃው የደረሰው እንግዲህ ሌላ ነገር መሆን ነበረበት።

ከዚያች ምሽት በኋላ ሰባት ሳምንት ያህል ለማንም ሳይናገር ሠራ። ብዙ ጊዜ የሚበላውም የሚተኛውም በቤተ ሙከራው ነበር። በቱቦውና በመጋረጃው መካከል እንጨት፣ ጎማ፣ ብረታ ብረትና አንድ ሺህ ገጽ ያህል ያለው የተጠረዘ መጽሐፍ እያኖረ ፈተነ። ጨረሩ መጽሐፉን አልፎ መጋረጃውን አበራው፤ አንድ ሚሊሜትር ተኩል የሚሆን እርሳስ ግን አገደው። የራሱን እጅ ቢያስገባ የአጥንቶቹን ጥላ አየ። ዲሴምበር 22 ቀን ቤርታን ወደ ቤተ ሙከራው ጠርቶ እጇን በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አሳረፈና ለሩብ ሰዓት ያህል ጨረሩን ለቀቀበት። የጣቶቿ አጥንቶችና የጋብቻ ቀለበቷ የሚታዩበት ያ ሥዕል የሙያችን የልደት ምስክር ወረቀት ሆኖ ይቆጠራል። የጨረሩ ባሕርይ ገና ስላልታወቀ ሮንትገን ባልታወቀ ቁጥር ምልክት ኤክስ ብሎ ሰየመው።

ዲሴምበር 28 ቀን የምርምሩን ዘገባ ለቩርዝቡርግ የፊዚክስና የሕክምና ማኅበር አስረከበ፤ ማኅበሩም ሳይውል ሳያድር አሳተመለት። በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን፣ ጃኑዋሪ 1 ቀን 1896፣ የታተመውን ቅጂ ከሥዕሎቹ ጋር በፖስታ አድርጎ በልዩ ልዩ አገሮች ለሚገኙ ባልደረቦቹ ላከ።

ይህን የፖስታ ጉዳይ ልብ ብለን ልናየው ይገባል። በዘመኑ በጀርመን ይሠራበት በነበረው የፓተንት ሕግ መሠረት ታትሞ የወጣ ነገር አዲስ ተብሎ አይቆጠርም፤ ስለዚህ መብት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ያመለክታል፣ ከዚያ በኋላ ያትማል። ጨረሩ የተፈጥሮ ነገር ስለሆነ በባለቤትነት ሊያዝ አይችልም ይባል ይሆናል። ጨረሩን የማመንጨትና በሰሌዳ ላይ ሥዕል የማንሣት ዘዴ ግን መብት ሊጠየቅበት የሚችል ነበር። ሮንትገን ዘዴውን አንድም ነገር ሳያስቀር ገልጾ፣ ሊደግሙት ለሚችሉ ሰዎች በገዛ ገንዘቡ አዳረሰ።

የጨረሩ መዳረስ

ወሬው ጃኑዋሪ 5 ቀን በቪየና ጋዜጣ ወጣ። ጃኑዋሪ 13 ቀን ሮንትገን በበርሊን በንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም ሁለተኛ ፊት ሙከራውን አሳየ። ጃኑዋሪ 23 ቀን ደግሞ በቩርዝቡርግ ማኅበር ስለ ጨረሩ ንግግር አደረገ። በዚያ ስብሰባ የታወቀው የአናቶሚ ሊቅ አልበርት ፎን ኬሊከር እጁን ለሥዕል ሰጠ፤ ጨረሩም በሮንትገን ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቅርቦ በጭብጨባ ተደገፈ። ሮንትገን ግን ራሱ በሰጠው ስም መጠቀሙን አልተወም።

ቱቦውና ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ኢንደክሽን ኮይል በየዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ክፍል አስቀድመው ይገኙ ስለነበር፣ ጽሑፉን ያነበበ ሁሉ በማግሥቱ ሊሞክረው ቻለ። በዚያው በጃኑዋሪ ወር በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ሐኪሙ ጆን ሆል ኤድዋርድስ በአንዲት ሴት እጅ ውስጥ የተሰበረ መርፌ በጨረሩ አየ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን በአሜሪካ በዳርትመዝ ኮሌጅ የአንድ ልጅ የተሰበረ የእጅ አንጓ ሥዕል ተነሣ። በግላስጎው ከተማ ሆስፒታል በዚያው ዓመት የራጅ ክፍል ተቋቋመ። እስከ 1896 መጨረሻ ድረስ ስለ ጨረሩ ከ1,000 በላይ ጽሑፎችና ወደ 50 የሚጠጉ መጻሕፍት ታትመው ነበር።

ከእነዚህ መካከል አንዱ ታሪክ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። የሮንትገን ቅጂዎች በፖስታ ከተላኩ ሁለት ወር ቆይቶ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የዐድዋ ጦርነት ሆነ። በሜይ ወር 1896 በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አንሥቶ በውስጡ የቀሩትን ጥይቶች ቦታ አገኘ። በጦርነት የቆሰሉ ሰዎች በራጅ ሲመረመሩ ይህ በታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ይጠቀሳል። ከቩርዝቡርግ ቤተ ሙከራ አንሥቶ ከዐድዋ የመጣ ጥይት እስከማግኘት የፈጀው ጊዜ ስድስት ወር ብቻ ነው። አልቫሮ ፈቃድ የጠየቀው፣ ክፍያም የፈጸመለት ባለመብት አልነበረም።

ይህ ፍጥነት ዋጋም አስከፍሏል። የጨረሩ ጉዳት ገና ስላልታወቀ ብዙ ባለሙያዎች እጃቸውን እያጋለጡ ይሠሩ ነበር። ከላይ የጠቀስነው ሆል ኤድዋርድስ በጨረር ቃጠሎ ምክንያት በ1908 ግራ ክንዱ ተቆረጠ። በ1936 በጀርመን በሐምቡርግ ከተማ ለጨረር ሰለባዎች የቆመው ሐውልት ሲመረቅ 169 ስሞች ተቀርጸውበት ነበር። ሮንትገን ራሱ የሚሠራው በዚንክ ሳጥን ውስጥ ሆኖ፣ በቱቦው በኩል እርሳስ ለጥፎ ስለነበር ከዚህ ጉዳት ድኗል።

ያልተፈረመው ውል

ግኝቱ እንደተሰማ ነጋዴዎች ወደ ቩርዝቡርግ መምጣታቸው አልቀረም። ከመጡት አንዱ ማክስ ሌቪ የተባለው መሐንዲስ ሲሆን፣ የመጣውም የበርሊኑን ታላቅ የኤሌክትሪክ ኩባንያ አ.ኤ.ጌን ወክሎ ነው። ሐሳቡ ሮንትገንና ኩባንያው ውል ተዋውለው ግኝቱን በኩባንያው ገንዘብና መሣሪያ እንዲያዳብሩት፣ ጥቅሙንም እንዲካፈሉ ነበር። ሌቪ በኋላ እንደተረከው፣ ሮንትገን በጨዋነት አዳምጦ በጨዋነት እምቢ አለ። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ልማድ መሠረት የአንድ ፕሮፌሰር ግኝት የሰው ልጅ ሁሉ እንደሆነ፣ ስለዚህም በፓተንት፣ በፈቃድና በውል ሊታሰር ወይም በአንድ ወገን ቁጥጥር ሥር ሊውል እንደማይገባው አስረዳው። መሐንዲሱም ታላቅ ሀብት በገዛ ፈቃዱ የተወ ሰው ማየቱን ተረድቶ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ሐቁን መሸፈን ተገቢ አይሆንም። ሮንትገን የሀብታም ነጋዴ ልጅ ነበር። ደመወዙን መንግሥት ይከፍለዋል፤ ቤተ ሙከራውም የዩኒቨርሲቲው ነው። ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ለዓለም የሰጠ ሰው አድርገን ብንስለው ታሪኩን እናዛባለን። ነገር ግን ይኸው ሐቅ ሌላም ነገር ያስተምራል። ግኝቱ የተገኘው በሕዝብ ገንዘብ በሚተዳደር ቤት ውስጥ እንደነበር ያውቅ ነበርና ለሕዝብ መለሰው።

የእርሱ እምቢታ የሌሎችን እጅ አልያዘም። ሲመንስና ሃልስከ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በዚያው በ1896 የአየሩ መጠን ሊስተካከል ለሚችል የራጅ ቱቦ ፓተንት አገኘ። የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች በሥራ ላይ ሳሉ በውስጣቸው የቀረው ጋዝ መጠን ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ ጥሩ ሥዕል የሰጠ ቱቦ ነገ ላይሰጥ ይችል ነበር። ይህን ችግር ከሥሩ ያስወገደው በአሜሪካ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባልደረባ ዊልያም ኩሊጅ ነው። በ1913 ይፋ ባደረገው ቱቦ የጋለ የተንግስተን ሽቦ ኤሌክትሮኖችን ስለሚያመነጭ፣ ባለሙያው የኤሌክትሪኩን መጠንና ቮልቴጁን ለየብቻ ለመወሰን ቻለ። ዛሬ የምንሠራባቸው ቱቦዎች የዚህ ዝርያዎች ናቸው። ቱቦው በ1916 በፓተንት ተጠበቀ፤ ኩባንያውም በ1920 የቪክተርን የራጅ መሣሪያ ፋብሪካ ጠቅልሎ የገበያው ዋነኛ ባለቤት ሆነ።

እንግዲህ ጨረሩ የሁሉም ሆኖ ሳለ ጨረሩን በአስተማማኝነት የሚሰጠው ቱቦ የአንድ ቤት ንብረት ሆነ ማለት ነው። ኩባንያው ለዓመታት ለቆየ ምርምር ገንዘብና ሰው ያፈሰሰ በመሆኑ ትርፍ መጠበቁ የሚያስወቅሰው አይደለም። የድንበሩ ጥያቄ ግን በፍርድ ቤት ሳይነሣ አልቀረም። ኩሊጅ ተንግስተንን እንደ ሽቦ እንዲሳብ ባደረገበት ሥራ ላይ ኩባንያው ሌላ ፓተንት ይዞ ነበር። በ1928 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የንጹሕ ተንግስተን የመሳብ ጠባይ የተፈጥሮ ጠባይ ስለሆነ ማንም በባለቤትነት ሊይዘው አይችልም በማለት መብቱን ሰረዘው።

ክብሩና ጉድለቱ

በ1900 ሮንትገን ወደ ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በ1901 የኖቤል ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የፊዚክሱ ተሸላሚ እርሱ ሆነ። ስቶክሆልም ሄዶ ሽልማቱን ተቀበለ፤ የተለመደውን የኖቤል ንግግር ግን አላደረገም። ገንዘቡን ለሳይንስ ማበረታቻ እንዲውል ለቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። የባቫሪያ መንግሥት ኒሻን ሲያበረክትለት ኒሻኑን ተቀብሎ፣ ከስሙ ጋር ሊጨመርለት ይችል የነበረውን የመኳንንት ማዕርግ ተወው። ስለ ጨረሩ የጻፋቸው ጽሑፎች ሦስት ብቻ ሲሆኑ የመጨረሻው የወጣው በ1897 ነው። ከዚያ በኋላ መስኩን ለሌሎች ተወ። እርሱ ኃላፊ በነበረበት በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ በ1912 ላውኤ፣ ፍሪድሪኽና ክኒፒንግ ጨረሩ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ እንደሚበተን አሳዩ፤ የጨረሩ ባሕርይም ብርሃን መሰል መሆኑ ያን ጊዜ ተረጋገጠ።

ጉድለት ያልነበረው ሰውም አልነበረም። ፊሊፕ ሌናርድ ለሙከራው የሚሆን ዕቃ ልኮለት ነበርና ድርሻዬ በሚገባ አልተነገረልኝም በማለት ዕድሜውን ሙሉ ቂም ይዞበት ኖረ። በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የጀርመንን ጦር ሥራ የሚደግፈውን የ93ቱን ሊቃውንት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ ሮንትገን ነበር። ግኝቱ የሰው ልጅ ሁሉ ነው ያለ ሰው በዚያ ወረቀት ላይ ስሙን ማኖሩ የሚያሳዝን ነው። በጦርነቱ ጊዜ ግን ጨረሩ በሁለቱም ወገን የቁስለኞችን አካል ይመረምር ነበር፤ ግኝቱ ከባለቤቱ ፊርማ ይልቅ ሰፊ ሆኖ ተገኘ።

ቤርታ ለረጅም ጊዜ ታማ በ1919 ዐረፈች። ሮንትገን በ1920 ከማስተማር ሥራው ተሰናበተ። ከጦርነቱ በኋላ በጀርመን አገር የገንዘብ ዋጋ በመውደቁ ያጠራቀመው ሀብት ቀለጠ፤ ለቩርዝቡርግ የሰጠው የኖቤል ገንዘብም በዚያው ማዕበል ጠፋ። የመጨረሻ ዓመታቱን በቁጠባና በብቸኝነት አሳለፈ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1923 በሰባ ሰባት ዓመቱ በአንጀት ካንሰር በሙኒክ ሞተ። አፅሙ ከወላጆቹና ከባለቤቱ ጋር በጊሰን ዐርፏል። የግል የምርምር ወረቀቶቹ በኑዛዜው መሠረት ተቃጠሉ።

ለእኛ የተረፈው ጥያቄ

ከሮንትገን ሞት በኋላ የመጡት የምስል መሣሪያዎች የእርሱን መንገድ አልተከተሉም። ሆኖም ነገሩ ልግስናና ስግብግብነት ብቻ አድርገን እንዳናየው የሲቲ ስካን ታሪክ ያስጠነቅቀናል። ደቡብ አፍሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አላን ኮርማክ በ1956 በኬፕታውን በግሩት ሹር ሆስፒታል ሲሠራ የሰውነትን ውስጥ ከብዙ አቅጣጫ በተነሣ ጨረር በሒሳብ የማስላት ሐሳብ አደረበት። ውጤቱን በ1963 እና በ1964 ማንም እንዲጠቀምበት በግልጽ አሳተመ፤ የተጠቀመበት ግን አልነበረም። መሣሪያው የተሠራው በኮርማክ ጽሑፍ ሳይመራ በራሱ መንገድ በተጓዘው በጎድፍሪ ሃውንስፊልድ ነው። ይኸውም በእንግሊዝ አገር ኢ.ኤም.አይ. በተባለ የሙዚቃ ሸክላና የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ውስጥ፣ በመንግሥት ጤና መሥሪያ ቤት ርዳታ ጭምር የተከናወነ ነው። የፓተንት ማመልከቻው በ1968 ገባ፤ የመጀመሪያዋ በሽተኛ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በለንደን ተመረመረች። በ1979 ኮርማክና ሃውንስፊልድ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። በግልጽ የታተመ ዕውቀት የሚሠራው ካላገኘ መደርደሪያ ላይ ሊቀር እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

የኤምአርአይ ታሪክ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። በ1973 ፖል ላውተርቡር ምስል የማግኘቱን ዘዴ ሲያሳትም ዩኒቨርሲቲው ፓተንት ለማውጣት አልፈለገም። ሬይመንድ ዳማዲያን በበኩሉ በ1972 ያመለከተበትን ፓተንት በ1974 አገኘ። በዚህ መብት የተነሣው ክርክር በ1997 ሲያበቃ ጄኔራል ኤሌክትሪክ 128.7 ሚሊዮን ዶላር ለዳማዲያን ኩባንያ ከፈለ። በአንድ መስክ፣ በአንድ ዘመን ሁለቱም ዓይነት ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

የፓን አሜሪካ የጤና ድርጅት በ2012 ባወጣው መግለጫ ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የምስል ምርመራ አያገኝም ብሎ ነበር። የዚህ ሁሉ ምክንያት ፓተንት ነው ማለት አይቻልም፤ መብራት፣ መንገድና ባለሙያም ይጎድላሉ። ፓተንት ደግሞ ዕድሜ አለው፤ በዓለም የንግድ ድርጅት ስምምነት መሠረት ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ሲሞላው አስገዳጅ ዘመኑ ያበቃል። ዛሬ በተግባር የሚያስቸግረን ዕድሜ ያልተቈረጠለት ሌላ ቁልፍ ነው። መሣሪያው በግቢያችን ቆሞ ሳለ የጥገና መክፈቻ ኮዱ በሻጩ እጅ ብቻ ይሆናል፤ የጥገና መጽሐፉ አይሰጥም፤ የተበላሸው ትንሽ ዕቃ ከአንድ ቤት በቀር አይገዛም። በዚህ መካከል ራጅ ሊነሣ ከሩቅ ወረዳ የመጣ በሽተኛ ከበር ይመለሳል። ይህን በዓይናችን ያላየን በመካከላችን ጥቂት ነን።

እንዲህ ያለው ቁልፍ በባለሙያዎች ማኅበር ሊከፈት እንደሚችል ግን ምሳሌ አለን። የየፋብሪካው መሣሪያ ምስሉን በራሱ ቋንቋ ብቻ ያስቀምጥ በነበረበት ዘመን፣ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ ከኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር ጋር በ1983 አንድ የጋራ ኮሚቴ አቋቋመ። በ1985 የመጀመሪያው የጋራ ደንብ ወጣ፤ በ1993 ደግሞ ዳይኮም የተባለውን መልኩን ያዘ። ዛሬ በአንድ መሣሪያ የተነሣ ምስል በሌላው ሊነበብ የቻለው፣ ገዢዎቹ ሐኪሞች ተባብረው ስለ ጠየቁ፣ አምራቾቹም አብረው ስለ ሠሩ ነው። ኩባንያ ሁሉ እንደ ሮንትገን እንዲሆን አልተለመነም፤ ፓተንቱንም አላጣም።

ስለዚህ ይህን የሕይወት ታሪክ የምደመድመው ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ በማቅረብ ነው። አባሎቻችን በመሣሪያ ግዥ ኮሚቴዎች ውስጥ በሚቀመጡበት ጊዜ የጥገና መጽሐፉ፣ የመክፈቻ ኮዱ፣ የመለዋወጫ ዕቃው ዋጋና የአገር ውስጥ ቴክኒሺያኖች ሥልጠና በውሉ ላይ እንዲሰፍሩ ቢጠይቁ፣ ከውል ፊርማ በፊት የሚገኝ ኃይል በእጃቸው ነው። አንዱ ብቻውን ሲጠይቅ ሊታለፍ ይችላል። ማኅበሩ አንድ ወጥ የውል አንቀጽ አዘጋጅቶ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ለአባሎቹ ቢያድል ግን ጥያቄው የሁላችንም ይሆናል። ሮንትገን በአዲስ ዓመት ቀን ፖስታዎቹን ሲልክ ባልደረቦቹ ምን እንደሚያደርጉበት አልደነገገላቸውም፤ ሥራውን በእጃቸው ብቻ አኖረው። ከእነዚያ ባልደረቦች ወገን የምንቆጠር እኛም ነን።